በጉልበት ጎን ያለች ትንሽ ቁስል፦ አንድ የጅማ ጉዳይ

ሕመምተኛው የሃያዎቹን ዕድሜ ሊጨርስ የተቃረበ ቡና ገበሬ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው የመጣው። ማንነቱን የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። የሕክምናውን ነገር ግን እንደሆነው ነው የምጽፈው።

ወሩ መስከረም ነው። ለቀማው ከመድረሱ በፊት የቡናው ሥር ይመነጠራል። አረሙ ካልተነሳ መሬት የወደቀ ፍሬ አይታይም፣ ለቃሚም እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ልጁ ቁጢጥ ብሎ በገጀራ ሲመነጥር ገጀራው ጉቶ መታና ነጥሮ ቀኝ ጉልበቱን አገኘው። ጊዜው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነበር። ሱሪው ተቀደደ። ደም ፈሰሰ፣ ግን ብዙ አልነበረም። ቤት ሲደርስ እናቱ ቁስሉን በውሃ አጥባ የተፈጨ ቡና ነሰነሰችበትና በነጠላ ቁራጭ አሰረችው። ደሙም ቆመ።

አደጋው ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ እንደነበር ልብ በሉልኝ። የምርመራው ቁልፍ ያለው እሱ ላይ ነው።

አባትየው ልጁን በሞተር ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። እዚያ የነበረችው ጤና መኮንን የሠራችውን ሥራ በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የዚህ ልጅ ጉልበት ግማሹ የዳነው እዚያ ነው። ነጠላውን ፈታች። ከጉልበቱ ሎሚ ላይኛ ጫፍ በውጭ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቁስል አየች። ጠርዟ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ ነው። አይደማም። ብዙ ባለሙያ እንዲህ ያለችውን ቁስል ሁለት ስፌት ጣል አድርጎ፣ አሞክሳሲሊን ሰጥቶ ወደ ቤት ይሸኛል። እሷ ግን ልጁን ጉልበቱን ትንሽ እንዲያጥፍ ጠየቀችው። ሲያጥፍ ከቁስሉ ወጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ በጎዝ ሲነኩት እንደ ክር የሚሳብ ፈሳሽ አየች። የመገጣጠሚያ ፈሳሽ እንዲህ ነው የሚመስለው። ጠብታ ነው፤ ዓይኗን ዞር አድርጋ ቢሆን ያመልጣት ነበር።

ቁስሉን አልሰፋችውም። በጣትም በመሣሪያም አልጎረጎረችውም። በኖርማል ሳላይን የራሰ ጎዝ አልብሳ፣ እግሩን በካርቶን ደግፋ አሰረችው። ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት 1 ግራም በደም ሥር ሰጠችው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ወጋችው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተቆረጠበትን ሰዓት፣ የተቆረጠበትን መሣሪያ፣ ቡና የተነሰነሰበት መሆኑንና መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓት ጻፈች። መገጣጠሚያው ሳይነካ እንዳልቀረ መጠርጠሯንም ጨመረች። አንድ ገጽ አይሞላም። ግን ለእኛ የሚያስፈልገን ሁሉ ነበረበት።

ጅማ፣ እኛ ሆስፒታል ሲደርሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቀድመን ያየነው ጉልበቱን አልነበረም። መተንፈሱን፣ የደም ግፊቱን፣ ሌላ ጉዳት ያለ የሌለ መሆኑን አየን። ሁሉም ደህና ነው። ቀጥሎ ከቁስሉ በታች ያለውን እግር አየን። የእግር መዳፉ ላይ ያለው የደም ሥር ትርታ ከግራው ጋር እኩል ነው። የእግር መዳፉን ወደ ላይ ያነሳል። በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መካከል ስንነካው ይሰማዋል። ይህን የምናየው በምክንያት ነው። ከጉልበት ውጭ በኩል ዝቅ ብሎ፣ በቀጭኑ የባት አጥንት አንገት ዙሪያ ከቆዳው ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ። በዚህ በኩል የመጣ ስለት እሱን ሊቆርጠው ይችላል። እሱ ከተቆረጠ የእግር መዳፍ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

ከዚያ ተጋድሞ እግሩን ሳያጥፍ ቀጥ አድርጎ እንዲያነሳ አዘዝነው። አመመው፣ ግን አነሳ። ይህቺ ቀላል ምርመራ ናት፤ ሆኖም በገጀራና በመጥረቢያ በተመታ ጉልበት ላይ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ከሎሚው በላይና በታች ያሉት ጅማቶች ከተቆረጡ ሰው እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሳት አይችልም። ቆዳው ብቻ ተሰፍቶ ጅማቱ ሳይታይ የቀረ ሰው ከሳምንታት በኋላ ደረጃ መውጣት አቅቶት ይመጣል። ያን ጊዜ ጅማቱ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ጥገናውም ሌላ ታሪክ ነው።

ራጅ በሁለት አቅጣጫ ተነሳ። ስብራት የለም። የብረት ስባሪ የለም። መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ አየር ራጅ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ግን አልታየም። ገጀራው መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው ክርክር የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

ጤና ጣቢያ የታየው ፈሳሽ አሁን የለም። ቁስሉ በረጋ ደምና በቡና ተደፍኗል። አንዱ ባልደረባዬ ላዩን በደንብ አጥበን፣ አካባቢውን አደንዝዘን ጥልቀቱን እንየው አለ። እኔ አልተስማማሁም። ልጁ አሁን እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። የተቆረጠው ግን ታጥፎ እያለ ነው። ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ቆዳው፣ ከሥሩ ያለው ጅማትና የመገጣጠሚያው ከረጢት አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ የቆዳው ቀዳዳና የከረጢቱ ቀዳዳ አሁን ፊት ለፊት አይደሉም። በመሣሪያ ብንገባ ጤነኛ ሥጋ እንነካለን፤ አልገባም ብለን ራሳችንን እናሞኛለን። በዚያ ላይ ቡናውን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። ሌላም ነገር አለ። የጉልበት መገጣጠሚያ ከሎሚው ጋር የሚያበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከረጢቱ ከሎሚው በላይ ሦስት አራት ጣት ያህል ይወጣል። ጭን ላይ ያለ የሚመስል ቁስል ጉልበት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሲቲ ስካን አንዱ አማራጭ ነበር። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ አየርን በጣም በትንሹም ቢሆን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናትም ለዚህ ጉዳይ መገጣጠሚያውን በመርፌ ውሃ ሞልቶ በቁስሉ ይወጣ እንደሆነ ከማየት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ማግኘት የሚችል ቢጠቀምበት ደስ ይለኛል። በዚያ ሰዓት ግን ተራም ነበረ፣ ገንዘብም ይጠይቃል። መርፌና ኖርማል ሳላይን እጃችን ላይ ነው።

ቁስሉ በውጭ በኩል ስለሆነ መርፌውን በውስጥ በኩል፣ በሎሚው ላይኛ ጫፍ ጎን፣ ንጹሕ ቆዳ ላይ ለማስገባት መረጥን። ቆዳውን አጽድተን በሊዶኬይን አደነዘዝነው። ወፍራሙን መርፌ አስገብተን መጀመሪያ ሳብነው። ቀጠን ያለ ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወጣ። ስብራት በሌለበት ጉልበት ውስጥ ደም መኖሩ ጥርጣሬውን አጠናከረው። ሲሪንጁን ነቅለን መርፌውን በቦታው ትተን በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሳላይን መሙላት ጀመርን።

60 ሚሊ ሊትር ገባ። ምንም የለም። ባልደረባዬ እንተወው በሚል ዓይን አየኝ። ብዙ ቦታ ምርመራው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ይህ ደግሞ አደገኛ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ብዙውን ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ የጉልበት ቀዳዳን ከመቶ 95 ለመያዝ ወደ 155 ሚሊ ሊትር እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ቁርጭምጭሚት ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ መገጣጠሚያው ጠባብ ስለሆነ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ጉልበት ግን ሆደ ሰፊ ነው።

ቀጠልን። 100 ገባ። ጉልበቱ ተወጠረ። ልጁ የአልጋውን ብረት ጨብጦ «ዶክተር፣ ሊፈነዳ ነው» አለ። 120 ሲደርስ ገፋ ማድረጉን አቁመን ጉልበቱን ቀስ እያደረግን አጠፍነው፤ ገጀራው ሲያገኘው በነበረበት አኳኋን። ግማሽ ሳይታጠፍ የቁስሉ አፍ ረጠበ። ከዚያ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በቅልጥሙ ወረደ። ነጩ አንሶላ ላይ ሲያርፍ ደቃቅ የቡና ቅንጣት ይታያል። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፈተና ሕክምና አልነበረም፤ ማስረዳት ነበር። አባትየው ስለ ኦፕራሲዮን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ዶክተር፣ ይቺን ለምታህል ቁስል?» አሉኝ። «ደሙ ቆሟል። ሁለት ስፌት አድርጉለትና እንሂድ። ቡናው ደርሷል፣ ቤት ሰው የለም።»

«አባባ» አልኳቸው፣ የለበሱትን ጋቢ ጫፍ ይዤ፤ «ይሄን ደራርበን በጩቤ ብንወጋውና አንዱን ድርብ ሳብ ብናደርገው ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ የታችኛው የት እንዳለ አይታወቅም። የልጅዎ ጉልበትም እንደዚያው ነው። ቡናው ወደ ታችኛው ድርብ ገብቷል።»

ጋቢያቸውን አዩት። ዝም አሉ። ቆይተው ግን የጠየቁኝ ስለ ቡና አልነበረም። «እግሩን ልትቆርጡት ነው?» አሉኝ። ለካ ሲያስጨንቃቸው የቆየው ይህ ነው። ሠፈራቸው ውስጥ አንድ ልጅ እግሩ ተሰብሮ፣ ወጌሻ አጥብቆ አስሮት፣ ጠቁሮ ሆስፒታል ሲደርስ ተቆርጧል። እሳቸው የሚያስታውሱት ማሰሪያውን ሳይሆን መቁረጫውን ነው። እንደማይቆረጥ፣ የምንሠራው መክፈት፣ ማጠብና መዝጋት እንደሆነ፣ ካልታጠበ ግን ጉልበቱ መግል ይዞ ሊደርቅ እንደሚችል ነገርኳቸው። ስለ እናትየውም አንድ ነገር አልኳቸው፤ ደሙን ለማቆም ባገኘችው ነገር ነው የረዳችው፣ ማንም እንዳይወቅሳት። ፈረሙ። ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በእኔ እምነት ለዚህ ንግግር የሚጠፋው ሩብ ሰዓት የሕክምናው አካል ነው። ሳይገባው የፈረመ ቤተሰብ በማግስቱ ልጁን ይዞ ይጠፋል።

የመንጋጋ ቆልፉን ነገር በአጭሩ ላንሳ። እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ክትባቱን ያገኛሉ። እንደዚህ ልጅ ያለ አዋቂ ወንድ ግን በሕፃንነቱ መከተቡን እንኳ የሚያስታውስ የለውም። አፈርና ቡና በገባበት ቁስል ክትባቱ ብቻ አይበቃም። ፀረ መርዙን 1,500 ዩኒት፣ በትንሽ መጠን ቆዳው ላይ ሞክረን አለርጂ እንደሌለው ካየን በኋላ ሰጠነው።

ኦፕራሲዮን ክፍል የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከተቆረጠ 11 ሰዓት ሆኖታል። ድሮ ስድስት ሰዓት ካለፈ አለቀለት ይባል ነበር። አሁን የሚታመነው ከኦፕራሲዮኑ ሰዓት ይልቅ የመጀመሪያው መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት ይበልጥ እንደሚወስን ነው። ጤና መኮንኗ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሰጥታዋለች። ጅማ እስኪደርስ ቢጠበቅ ኖሮ አምስት ሰዓት ያልፍ ነበር። ለንጹሕ ቁስል የተለመደው ሴፋዞሊን 2 ግራም ነው። የእርሻ ቆሻሻ ስላለበት ሴፍትሪአክሶኑን ቀጥለን ሜትሮኒዳዞል ጨመርንበት።

ከወገብ በታች ከደነዘዘ በኋላ የቁስሉን ጠርዝ በስሱ ቆርጠን አነሳን። ከላይና ከታች አራዘምነው። ከረጢቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከቆዳው ቀዳዳ በሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ርቆ ተገኘ። ከፍተን ስናይ ውስጡ ደምና ቡና ነው። ቡናው ከከረጢቱ የውስጥ ሽፋን ጋር ተጣብቋል፤ ውሃ ብቻ አያነሳውም። የተጣበቀበትን ሽፋን በመቁረጫ ማንሳት ነበረብን። ከሎሚው ሥር ደግሞ ሰማያዊ ነገር ታየን። በመቆንጠጫ ስንስበው የሱሪው ክር ነው፤ የጣት አንጓ የሚያህል። በእኔ ግምት የዚህን ጉልበት ዕድል የወሰነው ይህ ክር መውጣቱ ነው። የትኛውም መድኃኒት ክር አያወጣም። ውስጥ ቢቀር መግሉ ተጠርጎ እየተመለሰ ይኖር ነበር።

የጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ገጀራው ልም አጥንቱን፣ ማለትም መገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ንብርብር፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጭሮታል። ከሥሩ ያለው አጥንት አልተነካም። የተላላጠውን ጠርዝ አስተካክለን ተውነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ከተጎዳ እንደ ቆዳ ተመልሶ አይገጥምም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። መግል የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ የሚመግበውን ፈሳሽ ወደሚያሟሟው ይለውጠዋል።

ማጠቢያው 9 ሊትር ኖርማል ሳላይን ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ በሁለት ፌስታል ያመጣውን ሁሉ ተጠቀምንበት። ከፍ አድርጎ በመስቀል በሰፊ ቱቦ ለቀቅነው። ፓምፕ አያስፈልግም። ክፍት ስብራት ባለባቸው ከ2,400 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት የውሃው ግፊት ለውጥ እንደማያመጣ፣ ሳሙና መጨመር ደግሞ ከሳላይን እንደማይሻል፣ እንዲያውም እንደሚብስ አሳይቷል። አዮዲንና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ መገጣጠሚያ ውስጥ አይገቡም፤ ልም አጥንቱን ይጎዳሉ። ውሃው እየገባ ጉልበቱን እያጠፍንና እየዘረጋን ከኋላ የተደበቀውን ቡና አወጣን። የሚወጣው ውሃ ሰባተኛው ሊትር ላይ ጠራ። የቀረውንም አፈሰስነው።

ከረጢቱን ድሬይን (ፈሳሽ ማስወጫ ቱቦ) አስገብተን ዘጋነው። ልም አጥንት ክፍት ሆኖ መድረቅ የለበትም። ቆዳውን ግን ለጊዜው ሳንሰፋ በጎዝ ሸፈንነው፤ ቡና የገባበትን ቁስል በአንድ ጊዜ መዝጋት አላመንኩበትም። አንዳንድ ባለሙያ በዚያው ሌሊት ይዘጋዋል። በደንብ ከታጠበ ስህተት ነው አልልም። እኔ ግን ሁለት ቀን ጠብቆ ማየትን እመርጣለሁ።

በሁለተኛው ቀን ድሬይኑ ወጣ። ቁስሉ ቀይና ንጹሕ ነበር። በአራተኛው ቀን ቆዳው ተሰፋ፤ በደም ሥር የሚሰጠውም መድኃኒት በዚያው ቀን ቆመ። በየቀኑ የምንጠይቀው ግን አንድ ነገር ነበር፦ ጉልበትህን ትንሽ ስናንቀሳቅሰው ያምሃል ወይ? የቁስል ሕመም በእረፍት ይቀላል። መግል የያዘ መገጣጠሚያ ግን ጥቂት ዲግሪ እንኳ ሲንቀሳቀስ ያስጮኻል። ቢያስጮኸው፣ ቢያብጥ ወይም ትኩሳት ቢኖረው ኖሮ ፈሳሽ ቀድተን ላቦራቶሪ እንልክ ነበር፤ በማይክሮ ሊትር ከ50,000 በላይ ነጭ የደም ሴል ከተገኘ ያለ ማመንታት ተመልሶ ይታጠባል። አላስፈለገውም።

በጊዜው ባይታጠብ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለማሳየት ሌላ ሕመምተኛ ልጥቀስ። እሱም የገጀራ ቁስል ነው፣ እሱም ትንሽ ነው። ሌላ ቦታ ቆዳው ብቻ ተሰፍቶለት ወደ ቤቱ ተልኳል። ከቀናት በኋላ ሲመጣ ጉልበቱ አብጦ ግሏል፤ ስፌቱ ሲፈታ መግል ፈሰሰ። ደጋግመን አጠብነው። ሕይወቱና እግሩ ተረፈ። ጉልበቱ ግን ዛሬም ከቀጥታ ብዙም አይታጠፍም። በሚኒባስ ሲሳፈር የመጀመሪያው ወንበር ካልተገኘለት ይቸገራል።

የእኛን ልጅ በማግስቱ ነው ማንቀሳቀስ የጀመርነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ተጋድሞ የጭን ጡንቻውን እንዲወጥርና እንዲለቅ አስተማረችው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን በሌላው እግር እየደገፈ ማጠፍ። በክራንች ሕመሙ የፈቀደለትን ያህል ረገጠ። አባትየው መጀመሪያ ተቆጡ፤ «ቁስሉ ይከፈታል፣ ይረፍ እንጂ» አሉ። እውነት አላቸው የሚያስብል ነገር ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው። ጉልበት ግን ታስሮ ከተኛ ይደርቃል። ልጁ ቡና ሥር ቁጢጥ ማለት አለበት። ሽንት ቤት ይቀመጣል። ሲሰግድ በጉልበቱ ይንበረከካል። ለእሱ 90 ዲግሪ የሚታጠፍ ጉልበት ግማሽ ጉልበት ነው። ይህን ስላቸው አባትየው ራሳቸው አሠልጣኝ ሆኑ፤ ጠዋትና ማታ ቆመው ያስቆጥሩት ነበር።

ስፌቱ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። በስድስተኛው ሳምንት ክራንቹን ጥሎ መጣ፤ ጉልበቱ 110 ዲግሪ ይታጠፋል። ያን ዓመት ለቀማውን ቆሞ ለቀመ፤ ዝቅ ብሎ የሚለቀመውን ታናናሾቹ ሠሩለት። በሦስተኛው ወር ቁጢጥ ሲል ከግራው ትንሽ ይቀረዋል፤ መስገድ ግን ችሏል። ደረጃ ሲወርድ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ ይላል። ልም አጥንቱ የተጫረበት ቦታ ነው። ሕመም የለውም፣ እብጠት የለውም። ከባድ ሸክም ተሸክሞ ቁልቁለት እንዳይወርድ፣ ጉልበቱ ካበጠ ወይም መሀል ላይ ከተቆለፈበት ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲመጣ ነገርነው። ካርዱ ላይ የስድስተኛውን ወር ቀጠሮ ጻፍንለት። ለጤና መኮንኗም የተገኘውንና የተሠራውን የሚገልጽ የመልስ ወረቀት በእጁ ላክንላት።